ድምፅ ወይስ ጽሑፍ? በስልክ ስለምንለዋወጠው ቃልና ለባልንጀራ ስላለብን ዕዳ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ይኸውም፦ ለዘመድ፣ ለወዳጅ ወይም ለሥራ ባልደረባ አንድ ነገር ለማድረስ ስንፈልግ ደውለን በድምፅ እናነጋግር ወይስ ጽፈን እንላክ? የሚል ነው። ጥያቄው ስለ ምቾትና ስለ ልማድ ብቻ የሚናገር ቢመስልም፣ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ሰው ለሰው ስላለበት ግዴታ የሚናገር ሆኖ እናገኘዋለን።

በአቃቂ ቃሊቲ በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይሰማል። ወላጆች ልጆቻቸው ድምፃቸውን እንደ ነፈጓቸው፣ ሲደወልላቸው እንደማያነሡና ቆይተው ግን «ምን ፈልጋችሁ ነበር?» ብለው እንደሚጽፉ ይናገራሉ። ወጣቶቹ በበኩላቸው ሳያሳውቅ የሚደውል ሰው በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ እንግዳ ነው ይላሉ፤ ጽሑፍ ግን ተረጋግቶ ለማሰብና ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል ባዮች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ስለዚህ ጉዳዩን «የዘመኑ ልጆች» በሚል ወቀሳ ወይም «ጊዜው ያለፈበት አስተሳሰብ» በሚል ንቀት ከመዝጋት ይልቅ በትዕግሥት ልንመለከተው ይገባናል።

ጥያቄው ከዛሬ ስልኮች ጋር የተወለደ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ከተዘረጋ ጀምሮ የሀገራችን ሰው ሩቅ ያለውን ሰው ድምፅ መስማት ጀምሯል። የአቃቂ ምድርም በዚሁ ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። በኢጣልያውያን የተሠራው የአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ሲጀምር ከአንድ ሜዳ ሁለት ዓይነት ቃል ይወጣ ነበር። አንደኛው የቴሌግራም ቃል ነው። የቴሌግራም ክፍያ በቃላት ቁጥር የሚታሰብ በመሆኑ፣ በዚያ ዓመት ስለሚመጣው ጦርነት ለመዘገብ ወደ አዲስ አበባ የጎረፉት የውጭ ጋዜጠኞች ዓረፍተ ነገሮቻቸውን እየቆራረጡ ይልኩ ነበር። ሁለተኛው ድምፅ ነው። የወረራው ደመና በሀገሪቱ ላይ ባንዣበበበት ወራት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ የተናገሩት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። ወሬን ለማድረስ የተቆራረጠው ጽሑፍ በቂ ሆኖ ሳለ፣ የአንድን ሕዝብ አቤቱታ ለማሰማት ግን የሰው ድምፅ አስፈለገ። እንግዲህ ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው ከዚህ እንረዳለን።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ የመጀመሪያው የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከዚያ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992፣ በእንግሊዝ ሀገር ተልኮ ነበር፤ መልእክቱም አጭር የገና በዓል ሰላምታ ነበር። በእኛ ሀገር ግን የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ቆይቷል። ከተከፈተም በኋላ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት እስከ 160 ፊደላት ሲይዝ፣ በራሳችን ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ብዙ ስልኮችም የግእዝን ፊደል አያውቁም ነበርና ሰዉ አማርኛውን በባዕድ ፊደል መጻፍ ለመደ። የአየር ሰዓት መግዣ የሌለው ደግሞ አንድ ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋ ነበር። ይህ «ሚስድ ኮል» የምንለው ጥሪ፣ እንደ አስቀድሞ ስምምነቱ፣ «ደርሻለሁ» ወይም «ደውልልኝ» ማለት ነበር። በዚያን ጊዜ ድምፅን ወይም ጽሑፍን የሚመርጥልን ከሁሉ በፊት ኪሳችን ነበር። ዛሬ ግን በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በኢሞ ሁለቱም በብዙዎቻችን እጅ ናቸው። ምርጫ ባለበት ደግሞ ኃላፊነት አለ።

ይህ ምርጫ በአቃቂ ቃሊቲ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ክፍለ ከተማው ከሌላ ሰፈር የመጡ ብዙ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። በቱሉ ዲምቱና በገላን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ደርሷቸው የገቡ አሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ በልማት ምክንያት የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በገላን ጉራ ሰፍረዋል። ለዓመታት በአንድ ግቢ የኖሩ፣ ቡና ሲፈላ በአጥር ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጠራሩ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤቶች ዛሬ በተለያየ ሕንፃና በተለያየ ሰፈር ተበታትነዋል። ለእነዚህ ሰዎች ስልኩ የቀድሞውን አጥር ተክቷል። በዚያ አጥር በኩል የሚተላለፈው በወር አንድ ጊዜ የሚላክ የበዓል ሥዕል ብቻ ከሆነ ግን፣ ጉርብትናው በስም ይቀራል እንጂ በነፍስ አይኖርም።

ድምፅ የሚያደርሰው ነገር ምንድን ነው? ከቃሉ ይልቅ ከቃሉ በታች ያለውን ያደርሳል። «ደህና ነኝ» የሚለውን የዘወትር ቃል እንውሰድ። ሲጻፍ ደህና የሆነውም ያልሆነውም አንድ ዓይነት ይጽፈዋል፤ ፊደሉ አይንቀጠቀጥም፤ እንባም አይታይበትም። ሲነገር ግን እናት በአንዲት ቃል ትለየዋለች፤ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ትላለች። ከአቃቂ ሄደው በዓረብ ሀገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ለቤተሰቦቻቸው የሚጽፉት ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይኸው «ደህና ነኝ» ነው። ብዙ ጊዜም እናትን ላለማስጨነቅ የሚጻፍ የፍቅር ቃል ነው። ቢሆንም የታመመችውና የተበደለችው ልጅ በዚህ ቃል ውስጥ ብቻዋን ተሰውራ ትቀራለች። ጽሑፍ ሐዘናችንን እንድንደብቅ ያግዘናል፤ ድምፅ ግን ሳንፈቅድለት ይናገርብናል። የሚወዱን ሰዎች ደግሞ ሊሰሙ የሚፈልጉት ይህንኑ ሳንፈቅድለት የሚናገረውን ነው።

በቋንቋችን ለተጠራ ሰው የሚገባው መልስ «አቤት» ነው። «አቤት» የሚል ሰው ገና ምን እንደሚባል ሳያውቅ ራሱን ለጠሪው ያቀርባል። ከዚያም ሰላምታው ይከተላል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጎረቤት ይጠያየቃል። ይህን ረጅም ሰላምታ ጊዜና ገንዘብ የሚያባክን አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። ነገር ግን ሰላምታው የምንፈልገውን ከመጠየቃችን በፊት የምናነጋግረው ሰው ሰው መሆኑን የምናስታውስበት ሥርዓት ነው። በጽሑፍ መልእክት ውስጥ በመጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው። ሰላምታው ይቀራል፤ «አንቱ» ወደ «አንተ» ይወርዳል፤ ለታላቅ ሰው የሚመለሰው መልስ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ትሆናለች። ጸሐፊው ላለማክበር ብሎ ላያደርገው ይችላል፤ ተቀባዩ ግን እንደ ንቀት ያነበዋል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ስለ ጽሑፍ የሚነገረውን እውነት ብንሸሽግ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በፈረቃ የሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ በማሽን ጩኸት መካከል ስልክ ማንሣት አይችልም፤ በዕረፍቱ ሰዓት ግን ያነባል። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን የጽሑፍ መልእክት ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሦስተኛ ሰው እርዳታ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር ችለዋል። በአሠሪዋ ቤት ድምፅዋን ማሰማት የምትፈራ ሠራተኛ በሌሊት በዝምታ የምትጽፈው መልእክት ሕይወቷን ሊያድን ይችላል። ዓይን አፋር የሆነና በንግግር የሚሸነፍ ሰው በጽሑፍ ሐሳቡን አስተካክሎ ያቀርባል። የተቆጣም ሰው ጽፎ፣ ደግሞ አንብቦ፣ ከመላክ ሊቆጠብ ይችላል፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ጥሪ አንዳንድ ጊዜ የሥልጣን መሣሪያ ነው። አለቃ በፈለገው ሰዓት ይደውላል፤ የበታቹ ግን ወደ አለቃው በፈለገው ሰዓት መደወል አይችልም። የስልኩ ጩኸት «አሁኑኑ፣ ለእኔ» የሚል ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በአፍ ብቻ የሚናገር ኃያል ሰው ነገ «እንዲህ አላልኩም» ሊል ይችላል። የደመወዝ ውል፣ የቤት ኪራይ ስምምነት፣ የብድር መጠን በጽሑፍ ሲቀመጥ የሚጠቀመው በአብዛኛው ድሃው ነው። ስለዚህ ድምፅ ሁልጊዜ የፍቅር፣ ጽሑፍ ሁልጊዜ የብርድ ምልክት ነው ማለት አንችልም።

በአንጻሩ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የተጻፈ መልእክት የተቆለፈ ሣጥን ነው። አንዲት ያልተማረች እናት ከልጅዋ የመጣላትን ጽሑፍ ለማወቅ የጎረቤት ልጅ መጥራት ይኖርባታል፤ ልጁም ጮክ ብሎ ሲያነበው የቤቱ ምሥጢር የሰፈሩ ወሬ ይሆናል። በዚህ ረገድ በስልክ ተቀርጾ የሚላከው የድምፅ መልእክት ለብዙ እናቶች ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ሳይጽፉ ይናገራሉ፣ ሳያነቡ ይሰማሉ። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን እየተናገሩ መልስ የማይሰሙበት፣ ሌላው ሰው በመካከል «ቆይ እስኪ» ሊል የማይችልበት ንግግር መሆኑን መርሳት አይገባም።

እንግዲህ ስሕተቱ ያለው በመሣሪያው ሳይሆን በምርጫችን ምክንያት ላይ ነው። ለምን ጻፍን? ለምንስ ደወልን? የትዳር ቃል ኪዳን ያፈረሰ ሰው ለእጮኛው በሁለት መስመር ጽፎ ስልኩን ሲዘጋ፣ አሠሪ ለዓመታት ያገለገለችውን ሠራተኛ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ብሎ በመልእክት ሲያሰናብት፣ ወዳጅ ወዳጁ በጭንቅ ሰዓት የጠየቀውን እርዳታ በአንዲት ቃል ሲከለክል፣ የተመረጠው ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ስለሆነ አይደለም። የተመረጠው የሌላውን ሰው ዝምታ፣ ልቅሶና «ለምን?» የሚል ጥያቄ ላለመስማት ነው። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ መሸሸጊያ ይሆናል። እውነት የሆነ ቃል እንኳ ቢሆን፣ ተናግሮ የሚሸሽ ሰው የቃሉን ሸክም ሁሉ በሌላው ትከሻ ላይ ጥሎ ይሄዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ማስረጃ እንዳይቀርበት ብሎ መጻፍን የሚሸሽ፣ ባልንጀራው እንዳያስብበት ብሎ በጥሪ የሚያጣድፍ ሰው በድምፁ ውስጥ ተሸሽጓል። ሁለቱም የሚጠብቁት ራሳቸውን ነው።

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያቆዩልን ጥበብ አለ፤ እሱም የመርዶ ሥርዓት ነው። የሞት ወሬ ለቅርብ ዘመድ በሩቅ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ወዳጆች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ይሰበሰባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ሐዘንተኛው ቃሉን በሚሰማበት ቅጽበት የሚይዘው እጅ፣ የሚደግፈው ትከሻ በአጠገቡ እንዲገኝ ነው። በውጭ ሀገር ለሚኖር ሰው እንኳ በዚያው ከተማ ያሉ ወገኖች ተፈልገው፣ ተሰብስበው ሄደው እንዲያረዱት ይደረጋል። የሥርዓቱ መሠረት ከባድ ቃልን የሚናገር ሰው ከቃሉ ጋር አብሮ መገኘት አለበት የሚለው እምነት ነው። ዛሬ ግን ልጅ የአባቱን ሞት፣ እኅት የወንድሟን ሞት በማኅበራዊ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ፎቶግራፍ የምታውቅበት ጊዜ መጥቷል። የለጠፈው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ሐዘኑን መግለጹ ነው። ነገር ግን ለመቸኮሉ ዋጋ የከፈለው በአውቶቡስ ውስጥ ወይም በሥራ ቦታ ብቻዋን ስልኳን የከፈተችው ናት።

በዚህ ላይ የእድርን ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ የሚያሰማው ጥሪ ለሐዘንተኛው መርዶ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ተነሥቶ እንዲመጣ የሚደረግ ማስታወቂያ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ዘንድ ይህን ሥራ የቴሌግራም መልእክት ቢሠራው የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም በአምስተኛ ፎቅ ላለው ሰው ከጥሩንባው ይልቅ ይደርሰዋል። ማስታወቂያው ሲጻፍ አባላቱ ይመጣሉ። መምጣቱ ራሱ ግን በጽሑፍ ሊተካ አይችልም። «ነፍስ ይማር» ብሎ መጻፍ ለቅሶ መድረስ ነው ብለን ራሳችንን ብናሳምን፣ ድንኳኑ ውስጥ ባዶ የሚቀረው ወንበር ይመሰክርብናል።

በሐዲስ ኪዳንም ይኸው ጥያቄ ይገኛል። ከመልእክታት ሁሉ አጫጭር የሆኑት የዮሐንስ ሁለተኛና ሦስተኛ መልእክታት ሁለቱም የሚያበቁት፣ ጸሐፊው ያለውን ብዙ ነገር በጽሑፍ ከመጨረስ ይልቅ በአካል ተገናኝቶ ለመነጋገር እንደሚያቆየው በመግለጽ ነው። በአንጻሩ ቅዱስ ጳውሎስ መልእክታቱ ጠንካራ፣ በአካል መገኘቱ ግን ደካማ ነው ተብሎ በቆሮንቶስ ሰዎች ዘንድ ይታማ እንደ ነበር ከራሱ ጽሑፍ እንረዳለን፤ ሆኖም በመጻፉ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ተጠቅማለች። አንዱ የጽሑፍን ወሰን አወቀ፤ ሌላው የጽሑፍን ጥቅም አሳየ። ሁለቱም ግን ጽፈው አልተሸሸጉም።

ድምፅም ጽሑፍም በሌሉበት ጊዜ የሁለቱም ዋጋ ይታወቃል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የመገናኛ መስመሮች ተቋርጠው፣ የዓዲግራት ሀገረ ስብከት ምዕመናንን ጨምሮ፣ ብዙ ሰዎች ከዘመዶቻቸው ጋር ለረጅም ወራት ተለያይተዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ተራው የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ እንደ ውድ ነገር ተቈጠረ። እንዲህ ባለ ጊዜ በአዲስ አበባ ለሚጠባበቅ ዘመድ «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል፣ ተጽፋም ትምጣ ተነግራ፣ ከብዙ ንግግር ትበልጥ ነበር። መስመሩ ክፍት በሆነበት ቀን የዘመድን ጥሪ እያዩ ዝም ማለት ምን ያህል ባለጠግነትን ማባከን እንደሆነ ከዚህ እንማር።

ስለሆነም አንድ ቃል ከመላካችን በፊት ራሳችንን ሦስት ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ይህ ቃል የሚከብደው ለማን ነው? ለተቀባዩ የሚከብድ ከሆነ በተቻለን መጠን ልንቀርበው ይገባል፤ ከጽሑፍ ድምፅ፣ ከድምፅም አካል ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ የሚችለው የትኛውን ነው? ማንበብ፣ መስማት፣ ጊዜና ነፃነት አለው ወይ? በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ መሪ ለያዘ ሰው ድምፃችንም ጽሑፋችንም አደጋ ነው፤ ፍቅራችን መጠበቅ ነው። ሦስተኛ፣ መልሱን ለመስማት ዝግጁ ነን ወይ? ካልሆንን የመረጥነው መንገድ መገናኛ ሳይሆን መሸሻ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለወጣቶች የምንለው አለን፤ ለወላጆቻችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ድምፃችሁን አሰሙ። የምትነግሩት አዲስ ነገር ባይኖርም እነርሱ የሚሰሙት ወሬውን ሳይሆን እናንተን ነው። ለወላጆችም እንላለን፤ ጥሪያችሁ ያልተነሣበትን ጊዜ ሁሉ እንደ ንቀት አትቍጠሩት፤ ልጃችሁ በሥራ ላይ ወይም በሰው ፊት ሊሆን ይችላል፤ የጻፈላችሁም ቃል ባቅሙ የተላከ ስጦታ ነው። ለሁላችንም የሚስማማው መካከለኛ መንገድ «አሁን መደወል ይመቻል?» ብሎ አስቀድሞ መጻፍና ከዚያ በኋላ በእርግጥ መደወል ነው። የሞት ወሬን ግን የቅርብ ቤተሰብ በሰው አፍ መስማቱን ሳናረጋግጥ በየትኛውም ገጽ ላይ አናውጣ።

ስልኩ የተሠራው ርቀትን ለማጥበብ ነው፤ ርቀቱን የምናጠብበው ግን እኛ ነን። ዛሬ በእጃችን ካሉት ቁጥሮች መካከል ለረጅም ጊዜ በጽሑፍ ብቻ «ደህና ነኝ» እያለን የቆየ አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው በእርግጥ ደህና መሆኑን የምናውቀው ድምፁን ስንሰማ ነው።